የጀልባ ቁም ሳጥን መዝጊያዎች፦ የትኛው ይይዛል? የትኛው የያዘ ይመስላል?

ለቸኮለ ሰው መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። ባለሸራ ጀልባ ካላችሁ ወይም ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ለካቢኑ ቁም ሳጥኖች የምመክረው ከእንጨት የተቆረጠች፣ በአንድ ብሎን ላይ የምትዞር ማዞሪያ ነው። ወጪዋ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ከመቀመጫ ሥር ላሉት ክዳኖች ደግሞ ጠንካራ የስቴንለስ መቀርቀሪያ ግጠሙ፤ ያውም ሁለት ሁለት። ሲጫኑት ብቅ የሚለው፣ ሲስቡት ጠቅ የሚለው፣ የሚያብረቀርቀው ሁሉ ከእነዚህ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ሁሉንም ገዝቼ፣ ገጥሜ፣ ግማሾቹንም ነቅዬ ጥያለሁ። ምክንያቱን ማወቅ የፈለገ አብሮኝ ይቆይ።

ጀልባዬ የምትቆመው ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ነው። 27 ጫማ ርዝመት አላት። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራች አሮጊት ናት። የሲልቨር ስፕሪንግ ወዳጆቼ «አበሻ ውሃ ላይ ምን ይሠራል?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ካፒቴን የሚል ስምም አውጥተውልኛል። ቅዳሜ ሲሆን ግን ራሳቸው ደውለው «ካፒቴን፣ ዛሬ አትወጣም እንዴ?» ይላሉ። ውስጧን ላሳያችሁ። ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም መቀመጫዎች አሉ፤ ሥራቸው ሳጥን ነው። አፍንጫዋ ላይ አልጋ አለ፤ ሥሩ ሳጥን ነው። ትንሽ ማዕድ ቤት፣ ጠባብ ሽንት ቤት፣ ልብስ መስቀያ አላት። በርና ክዳኑ ሲቆጠር አሥራ አራት ይሆናል። አሥራ አራቱም በአንድ ጊዜ መዘጋት አለባቸው።

ቤት ውስጥ የቁም ሳጥን በር ቢላላ ማንም ግድ አይሰጠውም። ጀልባ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ትጋደላለች፤ 20 ዲግሪ ማዘንበል የተለመደ ነው። ያኔ ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ያለው ቁም ሳጥን በሩ ወደ ታች ያዘነብላል። ውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ ክብደቱን በሩ ላይ ይጥላል። አቅጣጫ ስትቀይሩ ተራው የሌላኛው ጎን ይሆናል። በዚያ ላይ አናፖሊስ ያለችበት የቼሳፒክ ቤይ፣ ማለትም የባሕር ወሽመጡ፣ ጠባይ አለ። ርዝመቱ 200 ማይል ገደማ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 21 ጫማ ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ጀልባዋ ከአንዱ ሳትወርድ ሌላው ይመታታል። እውነቱን ለመናገር ግን ቁም ሳጥን በብዛት የሚከፍተው ማዕበል አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በሞተር ጀልባ የሚከንፈው ጎረምሳ ነው። እሱ የለቀቀው ሞገድ ጎናችሁን ሲያገኛችሁ፣ ያልተዘጋው በር የትኛው እንደነበር ወዲያው ታውቃላችሁ።

ከሁሉ የማይረባውን ቶሎ ልለፈው። እሱም የማግኔት መያዣ ነው። ለኩሽና ቁም ሳጥን የሚሸጠው ዓይነት ማለቴ ነው። ማሪና ውስጥ፣ ማለትም የጀልባ ማቆሚያው ላይ፣ ቆማችሁ ቡና ለምትጠጡበት ጀልባ ይሆናል። ከዚያ አልፎ ተወርውሮ የሚመጣ ዕቃ ግፊት አይችልም። ኮምፓሱ አጠገብ ካለ ደግሞ መርፌውን ያሳስተዋል። ይህ ብቻውን ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የጣት ቀዳዳ ያለው አለ። አሮጌ ጀልባ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ይህንን ነው። በሩ ላይ ጣት የምታስገባ ክብ ቀዳዳ ትኖራለች። ከውስጥ በኩል ክርን የምትመስል፣ በሞላ የምትሠራ የብረት ምላስ አለች። ጣታችሁን አስገብታችሁ ምላሷን ጫን ስታደርጉ በሩ ይከፈታል። መልኩ ያምራል። ልብስ የሚይዝ፣ ጎን የሚወጋ ነገር ወደ ውጭ አይወጣም። ቀዳዳዋም አየር ስለምታስገባ ሳጥኑ ውስጥ ሻጋታ ይቀንሳል። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ችግሩ ምላሷ ከውስጥ መሆኗ ነው። እናንተ በጣታችሁ የምትጫኗትን ምላስ፣ ውስጥ ያለ ጣሳም ሊጫናት ይችላል። እኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ከአናፖሊስ በስተደቡብ፣ ከ1875 ጀምሮ ውሃው መሀል በብረት እግሮቹ ቆሞ ያለው የቶማስ ፖይንት መብራት ቤት አጠገብ ነበርን። ነፋሱ ጥሩ፣ ፀሐዩም ጥሩ ነበር። አንድ ትልቅ ሞገድ ከጎን መጣ። የማዕድ ቤቱ በር ተበርግዶ የበርበሬ ጠርሙሱ ወጣና ተሰበረ። በርበሬው ወለሉን አልፎ የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ተቀላቀለ። የውሃ ማውጫው ፓምፕ ደግሞ በሰዓቱ ሥራውን ጀመረ። ቤይ ውስጥ ስንት ሊትር አዋዜ እንደለቀቅን እግዜር ይወቀው። ባለቤቴ እያስነጠሰች ወደ ላይ ወጣች፤ ወደብ እስክንደርስም አልተመለሰችም። ጀልባዋ ሞቅ ባለ ቀን እስከ አሁን ቁሌት ቁሌት ትላለች። ጀበናው ተርፏል፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ሌላ ሳጥን ውስጥ ነበር።

የዚህ መዝጊያ ሌላ ጥፋት ከበርበሬ ይብሳል። ጣታችሁ ቀዳዳው ውስጥ እያለ ጀልባዋ ብትወረወርና ሰውነታችሁ ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢሄድ፣ ጣት ይሰበራል። በባህረኞች ዘንድ የታወቀ ጉዳት ነው። ጀልባዬ ስትመጣ የነበሯትን በሙሉ ነቅያለሁ። ቀዳዳዎቹን ግን አልደፈንኳቸውም፤ ለአየር ይጠቅማሉ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚጠይቀኝ እንሂድ። ሲጫኑት ብቅ የሚለው ክብ ጉብታ። አዳዲስ የአውሮፓ ጀልባዎችና ሰው የሚያድርባቸው የጉዞ መኪናዎች ውስጥ የምታዩት ነው። ጉብታው ወደ ውስጥ ሲገባ በሩ ይቆለፋል። ተጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ብቅ ይላል፤ እሱኑ እንደ እጀታ ይዛችሁ ትስባላችሁ። ትልቁ ጥቅሙ በአንድ እይታ ሁሉን ማወቅ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ደረጃው ላይ ቆማችሁ ዙሪያውን ታያላችሁ። ብቅ ያለ ካለ ክፍት ነው፤ አበቃ። ይህንን ብዙ መዝጊያ አይሰጣችሁም። በዚህ ልቤን ወስዶታል።

ሁለት ዓይነት ገዛሁ። መጀመሪያ ከኢንተርኔት ላይ፣ ስም የሌለው፣ አሥሩ በአንድ ላይ 40 ዶላር የሆነ። ሲመጣ ያብረቀርቃል። ገጠምኩት፤ ጠቅ ይላል፤ ደስ አለኝ። ክረምቱን አልፎ ጸደይ ላይ ጀልባዋን ስከፍት ግማሾቹ ወደ ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። ላዩ ፕላስቲክና ቅብ ነው፤ ውስጡ ያለው ሞላ ተራ ሽቦ ነው፤ ዝጓል። በሩ ተቆልፎ ሞላው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ? በሩን መሰርሰር ነው። የሕይወት ጃኬት ያለበት ሳጥን ቢሆንስ ብላችሁ አስቡት። ሁለተኛውን ከጀልባ ዕቃ መደብር ገዛሁ፤ አንዱ ብቻውን 20 ዶላር ገደማ ነው። እሱ እስከ አሁን ይሠራል፤ ሞላውም አልዛገም። ቢሆንም ሁለት ነገር አልወደድኩለትም። አንደኛ፣ ሰው ተንገዳግዶ በወገቡ ሲደገፍበት ራሱ ይከፈታል። ለመክፈት የሚፈልገው መጫን ነው፤ የእጅ ይሁን የዳሌ አይለይም። ሁለተኛ፣ የበሩን ውፍረት ይመርጣል። የኔ በሮች 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ናቸው። መዝጊያው ለወፍራም በር የተሠራ ስለነበር ከኋላው የእንጨት ቀለበት ቆርጬ ማስገባት ነበረብኝ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የበራችሁን ውፍረት ለክታችሁ ሂዱ። የሚፈልገው ቀዳዳም ሰፊ ነው። አንዴ ከተቦረቦረ፣ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የሚሸፍነው የለም።

ሽንት ቤቱና ልብስ መስቀያው ላይ ውዱን ጉብታ ትቼዋለሁ። እዚያ ሰው አይደገፍም፤ ውስጡም ከባድ ነገር የለም።

የእንጨት ማዞሪያዋን ያስተማሩኝ ጀልባቸው ከኔ ቀጥላ የምትቆም አንድ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ፓምፔ ከበርበሬው ጋር ሲታገል መጥተው አዩ። ሳቁ፤ ከዚያ ከሣጥናቸው የቲክ እንጨት ቁራጭ አወጡ። አገር ቤት ያደገ ሰው ይህችን ዕቃ ያውቃታል። የዶሮ ቤት በር ላይ፣ የጓዳ ቁም ሳጥን ላይ፣ በምስማር የተመታችው የምትሽከረከር እንጨት ናት። በቃ እሷው ናት። ልዩነቱ ምስማሩ ላይ ነው። ጀልባ ላይ በምስማር ፈንታ ከበሩ ክፈፍ ወዲያ ማዶ የሚያልፍ የስቴንለስ ብሎን ይገባል። ከእንጨቷ ሥር አንድ ሮንዴላ፣ ከኋላ ደግሞ ውስጡ ናይሎን ያለበት ዳዶ ይሆናል። ናይሎኑ ብሎኑ በንቅናቄ እንዳይላላ ይይዘዋል። ዳዶውን የምታጠብቁት እንጨቷ በጣት ስትገፋ እምቢ እስክትልና ጠንከር ስትሉባት እስክትዞር ድረስ ነው።

ሞላ የላትም። ስለዚህ የሚዝግ ሞላ የላትም። ውስጥ ያለ ጣሳ አይደርስባትም፤ ያለችው ውጭ ነው። ሰው ቢደገፍባት አትከፈትም፤ መዞር እንጂ መጫን አታውቅም። ዝግ መሆኗ በዓይን ይታያል። በሩ ከታች ታጥፎ ወደ ፊት የሚወርድ ከሆነ አንድ ብልሃት አላት። ቀዳዳውን መሀሏ ላይ ሳይሆን ወደ አንዱ ጫፍ አስጠግታችሁ ብሱት። ክፈፉ ላይ ከበሩ በላይ ስትገጠም ረጅሙ ክንፏ በራሱ ክብደት ወደ ታች ተንጠልጥሎ በሩን ይይዛል። ብሎኑ ቢላላ እንኳ የምትወድቀው ወደ ዝጉ ነው። አናጢው ይህንን ሲያሳዩኝ በጣም ኮራ ብለው ነበር። አልፈርድባቸውም።

ጉድለቷ የታወቀ ነው። ራሷን አትዘጋም። በሩን ገፍቶ «ጠቅ» ሲል መሄድ የለመደ እንግዳ ይረሳታል። ወዳጆቼ ሲመጡ መጀመሪያ የምነግራቸው የሕይወት ጃኬቱን ቦታ ነው፤ ሁለተኛ ይህንን።

ከዚህ በኋላ ስለ በር ማውራት ይበቃኛል። ዋናው አደጋ ያለው ማንም የማያየው ቦታ ነው፤ ከመቀመጫና ከአልጋ ሥር። በብዙ አሮጌ ጀልባዎች እነዚያ ክዳኖች እንዲሁ ተደፍተው የተቀመጡ ጣውላዎች ናቸው። መያዣ የላቸውም። ላያቸው ላይ ፍራሽ ስላለ የተዘጉ ይመስላሉ። ሥራቸው ያለው ግን ከሁሉ የከበደው ዕቃ ነው፤ መፍቻና መዶሻ፣ የታሸገ ምግብ፣ ትርፍ መልሕቅ፣ አንዳንዴም ባትሪ። የአንድ ጀልባ ባትሪ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ጀልባዋ በጎኗ ብትተኛ ያ ሁሉ ካቢኑን አቋርጦ ይመጣል። በመንገዱ ላይ ደግሞ የተኛ ሰው አለ።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 1979 በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል በተደረገው የፋስትኔት ውድድር 303 ጀልባዎች ወጥተው ከባድ ማዕበል አገኛቸው። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። 24 ጀልባዎችን ሰዎቻቸው ትተዋቸው ወጡ፤ ከእነዚያ ውስጥ የሰጠሙት ግን 5 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ባዶአቸውን ሲንሳፈፉ ተገኙ። አንድ ሰው ካቢኑን ትቶ እንዲወጣ የሚያደርገው ብዙ ነገር ነው። ውስጡ ባትሪና ምድጃ የሚወረወርበት ከሆነ ግን መቆየት እንዴት ይታሰባል? ዛሬ ዓለም አቀፉ የባለሸራ ጀልባ ስፖርት ማኅበር፣ ወርልድ ሴይሊንግ፣ ለውቅያኖስ ውድድር ያወጣው ደንብ ባትሪ፣ ምድጃ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የመፍቻ ሣጥን፣ መልሕቅና ሰንሰለት በደንብ መታሰር አለባቸው ይላል። እኔ ውቅያኖስ አልሻገርም። አናፖሊስ ላይም ግን የሐምሌ ከሰዓት ነጎድጓድ አለ። ሰኔ 29 ቀን 2012፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ በዲሲና በሜሪላንድ ያለፈውን ዴሬቾ የተባለ ከባድ የነፋስና የነጎድጓድ ወጀብ የሚያስታውስ ያውቃል። ዛፍ የገነደሰ ነፋስ ጀልባን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለመገመት መርከበኛ መሆን አያስፈልግም።

ለእነዚህ ክዳኖች የገዛሁት መቀርቀሪያ ነው። አዲስ አበባ የሽንት ቤት በር ላይ የምንገፋው፣ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው ዘንግ። 316 ከሚባለው የስቴንለስ ዓይነት የተሠራው አንዱ 15 ዶላር አካባቢ ነው። ዘንጉ ቢያንስ የትንሽ ጣቴን ግማሽ ያህል የወፈረ ይሁን። እጀታዋ ወደ ጎን ዞራ ጎድጓዳ ውስጥ የምትገባውን ምረጡ፤ ያለዚያ በንቅናቄ ራሷ ትንሸራተታለች። በረጅም ክዳን ላይ አንድ መሀል ላይ አይበቃም፤ ማዕዘኖቹ ይነሣሉ። ሁለት አድርጉ፣ ከሁለቱ ጫፍ። ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ስለሆነ ፍራሹ ሥር ይቆረቁራል የሚል አለ። እውነት ነው። እኔ ፍራሹ በማይደርስበት የፊት ጠርዝ ላይ ገጠምኩት። አሁን ደግሞ የተቀመጠ ሰው ባት ላይ ይደርሳል። ባለቤቴ በየጊዜው ታስታውሰኛለች።

ብረት መግጠም የማይፈልግ ሰው መቆለፊያ ያለው የናይሎን ቀበቶ ክዳኑ ላይ አሳልፎ ቢያስር ጥሩ ይሠራል። ጠፍጣፋው፣ የማይለጠጠው ይሁን። ላስቲክ ገመድ ግን ለዚህ አይሆንም። ላስቲክ ሥራው መለጠጥ ነው፤ መዶሻው ሲመጣ እሱም ይለጠጥለታል። ላስቲክን ለመጽሐፍ መደርደሪያ ተዉት።

ስለ ብረቱ አንድ ምክር። መደብር ስትሄዱ የፍሪጅ ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። እውነተኛ 304 ወይም 316 ስቴንለስ ማግኔትን አይስብም፤ ቢስብም በጣም ጥቂት ነው። የመዝጊያው አካል ላይ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ከተለጠፈ ያያችሁት የተቀባ ተራ ብረት ወይም ሌላ ዓይነት ስቴንለስ ነው። ከሁለቱ ለጨው የሚሻለው 316 ነው፤ ሞሊብዴነም የሚባል ማዕድን ስላለበት። መዝጊያው ሞላ ካለው ግን ማግኔቱ ብቻውን አይበቃም፤ የስቴንለስ ሞላም ማግኔት ሊስብ ይችላልና ሞላው ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። አካሉ ስቴንለስ ሆኖ ሞላው ተራ ብረት የሆነ ዕቃ ብዙ አለ፤ ማሸጊያው ላይ ግን «ስቴንለስ» ብቻ ይላል። የሻጩ ልጅ ማግኔቴን ሲያይ ፊቱን አጨፈገገ። እኔም አካሉ ላይ ማግኔቱ የተለጠፈብኝን መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ።

አገጣጠሙ ላይ ስስት የለም። 50 ዶላር የወጣበት መዝጊያ በሁለት አጫጭር ብሎኖች 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ ከተመታ፣ መዝጊያው ሳይሆን እንጨቱ ነው የሚለቀው። ከባድ ዕቃ ባለበት ሁሉ ብሎኑ ከወዲያ ማዶ ይለፍ፤ ከኋላ ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ይግባ። ቀዳዳውን ኢፖክሲ የሚባለውን ጠንካራ ማጣበቂያ ቀቡት፤ ውሃ ኮምፔንሳቶው ውስጥ ገብቶ እንዳያበሰብሰው። የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ላይ ብሎን አትምቱ፤ ሥሥ ገጾቹን ይለያያቸዋል እንጂ አይይዝም። ማጠፊያውንም አትርሱ። በአንድ በኩል አንበሳ የሚያህል መቀርቀሪያ ገጥመን በሌላ በኩል ማጠፊያው በሦስት የዛገ ብሎን የተንጠለጠለ እንደሆነ፣ በሩ በዚያ በኩል ይከፈታል።

ሲያልቅ ሙከራው ቀላል ነው። ከክዳኑ ሥር ያለውን ዕቃ በቤት ሚዛን መዝኑ። የኔ የግራው ሳጥን 30 ኪሎ ያህል ሆነ። ከዚያ ክዳኑን ዘግታችሁ፣ በጣት ቀዳዳው ገመድ አሳልፋችሁ፣ በሁለት እጅ ወደ ላይ ሳቡት። ሰላሳ ኪሎ ሲወረወር ከሰላሳ ኪሎ በላይ ነው የሚመታው፤ ስለዚህ እግራችሁን ተክላችሁ ሳቡ። ከጮኸ ወይም ከተነቃነቀ ገና ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ የእንጨት ማዞሪያዋ ከአሥር ዘጠኝ ታገኛለች። አንዱን የቀነስኩት ስለምትረሳ ነው። የ316 መቀርቀሪያው ስምንት፤ ባት ባይመታ ኖሮ ዘጠኝ ነበር። ውዱ ጉብታ ስድስት፤ ርካሹ ዜሮ። የጣት ቀዳዳው ሁለት፤ ለአየሩ። ማግኔቱን ኩሽናችሁ ውስጥ ተጠቀሙበት።

አሁን የቀረኝ የበረዶ ሳጥኑ ክዳን ነው። ማዕድ ቤቱ ላይ በአራት ማዕዘን ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ውስጡ ፎም ያለው፣ ከባድ ነገር ነው። ምንም አልያዘውም። መቀርቀሪያ ብገጥምበት በየቢራው መክፈትና መዝጋት ሊሆን ነው። አናጢው ሁለት የእንጨት ማዞሪያ በትይዩ ማዕዘን ላይ ግጠም ብለውኛል፤ እንጨቱንም ቆርጠው ሰጥተውኛል። ባለቤቴ ደግሞ ቀበቶ ይሻላል ትላለች። ቅዳሜ ሁለቱንም እገጥማቸውና እናያለን።